አባትየው ለሠሩት የካርቶን ቤት ስንት ማርክ ልስጥ?

የፊዚክሱ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም መምህራን። የተመረቅኩት በፊዚክስ ነው፤ ዘንድሮ የ7ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተደርቦ ተሰጠኝ። ወርክሾፕ የለም። ያለው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና በአንድ ክፍል ስልሳ ገደማ ልጅ ነው። ፕሮጀክት ሳዝ የሚመጣው ጉድ ነው! በሩ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ቀለም የተቀባ የካርቶን ቤት። "ጣሪያውን በምን አያያዝከው?" ስለው ልጁም እንደኔ ጣሪያውን ያያል። አባቱ አናጢ ናቸው። ሌላዋ ከፍላ አሠርታ መጣች። አንዱ ደግሞ በሽቦና በቆርኪ የራሱን መኪና ሠርቷል፣ መሪው ሁሉ ይዞራል፤ ግን አፍሮበት ዴስክ ሥር ደብቆታል። ምን ይሻላል? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ወላጅ ገንዘብ አዋጣ ማለት አልፈልግም።

ጠመኔ
መጀመሪያ መኪናውን ከዴስክ ሥር አውጣልን! ከዚያ ቤት የሚሠራ ነገር ማዘዝ ተው። ሁሉም ክፍል ውስጥ፣ አንተ እያየህ ይሠራ።

እኔ 8ኛ ነው የማስተምረው። አራት አራት አድርጌ እከፍላቸውና ለየቡድኑ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት እሰጣለሁ። ኮላ የለ፣ ፕላስተር የለ። ሁለት መጽሐፍ አንድ ስንዝር ያህል አራርቀው ድልድይ ይዘረጋሉ። ከዚያ የአንድ ብር ሳንቲም እየደረደርን እንፈትነዋለን። ዝርጉ ወረቀት ገና በመጀመሪያው ዝልፍልፍ ይላል። እንደ አኮርዲዮን ያጣጠፉት ጋ ስንደርስ ሳንቲም ያልቅብንና ላጲስ እንለምናለን። ፊዚክስህን እዚህ ጋ አምጣት፤ ወረቀቱ አልወፈረም፣ ቁመት አገኘ እንጂ። የቤታቸው ቆርቆሮ ለምን ሞገድ ሞገድ እንደሆነ ያን ጊዜ አንተ አትነግራቸውም፣ እነሱ ይነግሩሃል።

ማርኩን ለድልድዩ አልሰጥም። ከአስር ሦስቱ ከመሥራታቸው በፊት ለሣሉት፣ ሁለቱ ሲፈትኑ ላዩት፣ አምስቱ ከወደቀ በኋላ ለሚሥሉት ሁለተኛ ሥዕል ነው፤ ምን ቀየርክ፣ ለምን? ይሄን አባት አይሠራላቸውም።

የረከቦቷ እናት (ለንደን)
መምህር፣ ልጄ እዚህ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ዲዛይን ኤንድ ቴክኖሎጂ ይሉታል። በእንግሊዝ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ አለ። ጂሲኤስኢ ላይ (በ16 ዓመት ገደማ የሚወስዱት የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ነው) ሲደርሱ ግማሹ ማርክ የጽሑፍ ፈተና፣ ግማሹ ተማሪው ራሱ ነድፎ የሚሠራው ፕሮጀክት ነው፤ እሱም በመምህር ክትትል።

የገረመኝ፣ "ወንበር ሥራ" ብለው አያዙም። አንድ ሰው ፈልግና ምን እንደቸገረው ጠይቀው ነው የሚሉት። የኔው አያቱን ጠየቀ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ዝቅ ያለው ረከቦት ላይ ማጎንበስ አቅቷታል። ከፍ ያለ ረከቦት ልሥራ አለ። የመጀመሪያውን በካርቶን ሞከረው፤ ስኒ ሲደረደርበት ተወላገደ። እግሮቹን ወደ ውጭ ዘርጋ አደረጋቸው። ከዚያ እማዬ የጀበናዋ ቦታ ጠበበኝ አለች፣ እንደገና። መምህሩ ረከቦት የሚባል ነገር አይቶ ስለማያውቅ በሥዕል ማስረዳት ነበረበት፤ ለካ ትልቁ ትምህርት እሱ ነው። በመጨረሻ በእንጨት ሠራው። ትንሽ ዘመም ይላል፣ እማዬ ግን አትለውጠውም። ማርኩም ጥሩ ነበር፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከነምክንያቱ ጽፎ ስለነበር።

የፊዚክሱ
በጣም አመሰግናለሁ። አያትን መጠየቁን ወድጄዋለሁ፤ እዚህ ውሃ በጀሪካን የምትቀዳ ጎረቤት ሞልታለች። ግን አራት ሴክሽን አለኝ። ያን ሁሉ ደብተር ማን ያርማል?

ጠመኔ
ለቡድን አንድ ደብተር! ሥዕሉን በየተራ ይሣሉ። ለአንድ ክፍል አሥራ አምስት ገደማ ነው፤ እየዞርክ እዚያው ታርማለህ። ቤት ይዘህ አትሂድ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ አናጢውን አባት እንዳታሳፍራቸው። ለልጃቸው የሠሩት በፍቅር ነው። ይልቅ በክብር ጥራቸውና አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩልህ። ሁለት እንጨት ያለ ምስማር እንዴት እንደሚጋጠም ያሳዩ። እኔ በጊዜዬ ብረት በያጅ ጠርቼ ነበር፣ ያን ቀን የቀረ ተማሪ አልነበረም። ብቻ ርዕሰ መምህሩን ቀድመህ አስፈቅድ፤ ለዘበኛውም ንገረው፣ መጋዝ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ይቆማል።