ከጓደኞች ጋር በካምፕ መኪና የፈረንሳይን የወይን አካባቢዎች ስለ መጎብኘት

ጥያቄ (ከሽቱትጋርት)

ጤና ይስጥልኝ። ደቡብ ጀርመን የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ባለው ሳምንት የካምፕ መኪና ተከራይተን የፈረንሳይን የወይን አካባቢዎች ለመጎብኘት አስበናል። መጀመሪያ ያሰብነው ከአልዛስ ተነስተን፣ በሻምፓኝ አልፈን ወደ ቡርጎኝ ከወረድን በኋላ ቦርዶ ድረስ ለመዝለቅ ነበር፤ ካርታውን ዘርግተን ስንመለከተው ግን ሳምንቱ በመንዳት ብቻ የሚያልቅ መሰለን። ከመካከላችን ሁለቱ አልኮል የማይጠጡ ስለሆኑ እነርሱም የሚደሰቱበት ጉዞ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የትኛውን አካባቢ ብንመርጥ ይሻላል? መኪናውን አቁሞ ማደር የሚፈቀደውስ የት ነው? ወይን አምራቾቹ ዘንድ ሲገባ የሚጠበቀውን ሥርዓት የምታውቁም ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

መልስ (ከስትራስቡርግ)

እንኳን አሰባችሁት። ያላችሁ አንድ ሳምንት ከሆነ ቦርዶንና ሻምፓኝን ለሌላ ጊዜ አቆይታችሁ አልዛስን ብቻ በእርጋታ እንድታዩ እመክራለሁ። የአልዛስ የወይን መንገድ በ1953 የተከፈተ ሲሆን፣ ከስትራስቡርግ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከማርሌንሃይም ተነስቶ በቮዥ ተራሮች ግርጌ እየታጠፈ እስከ ታን ድረስ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። መንደሮቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ በቀን ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለማደሪያ ከሁሉ የምወደው ፍራንስ ፓስዮን የተባለውን ማኅበር ነው። ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ አባልነቱን በየዓመቱ የከፈለ ሰው ወይን አምራቾችና ገበሬዎች ግቢ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ለ24 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲያድር ያስችላል። መኪናው ግን መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ ውኃ ማጠራቀሚያ ያለው መሆን አለበት፤ ፍራሽ ብቻ የተነጠፈበት ቫን አይቀበሉም። እንግዳው የመግዛት ግዴታ የለበትም። ሆኖም እንደ ደረሰ ባለቤቱን ፈልጎ ሰላም ማለት፣ ሲሄድም መሰናበት ይጠበቅበታል፤ ዝም ብሎ ገብቶ መጋረጃውን የሚዘጋ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። የሰው ግቢ ገብቶ ማደር ምን ያህል አደራ እንዳለበት እኛ ሐበሾች ስለምናውቅ ይህ የሚከብደን አይመስለኝም።

የሚከብደን ሌላ ነው። የቀረበልንን መጠጥ ቀምሶ መትፋት ለእኛ አቅራቢውን እንደ መናቅ ነው። በወይን ቅምሻ ጊዜ ግን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ማሰሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸውም ይተፉበታል፤ ማንም አይቀየምም። በአንድ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ሰው ይህን ካልለመደ ከሰዓት በኋላ ምንም ጣዕም መለየት አይችልም። ቅምሻው ከደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭ ካልሆነው፣ ነጭ ወይን ይጀምርና ወደ ጣፋጩ ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ሪስሊንግ፣ ቀጥሎ ፒኖ ግሪ፣ ከዚያ ጌቩርትስትራሚነር ይቀርባል። በጠጅ ጣዕም ያደገ ሰው መጨረሻ ላይ የሚቀርበውን፣ ዘግይቶ ከተለቀመ ፍሬ የሚሠራውን ቫንዳንዥ ታርዲቭ ሳይወደው አይቀርም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ለማይጠጡት ጓደኞቻችሁ ብዙ አምራቾች ከራሳቸው ወይን የጨመቁት ያልቦካ ጭማቂ አላቸው፤ ሳትፈሩ ጠይቁ። ከኦርሽቪለር በላይ ያለው የኦ ክኒግስቡር ግንብም ከ1900 እስከ 1908 በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ቪልሄልም የታደሰ ነውና፣ ከወይን ሌላ ታሪክ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ኤጊስሃይምም መንገዶቿ እንደ ቀለበት ክብ እየሠሩ የሚዞሩባት መንደር ናት። መኪናችሁን ግን ከመንደሮቹ ውጭ አቁሙት፤ በውስጣቸው ያሉት መንገዶች ለትልቅ መኪና አልተሠሩም።

መልስ (ከዲዦን)

የስትራስቡርጉ ወንድማችን የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከቡድናችሁ ቀይ ወይን የሚወድ ካለ ቡርጎኝን አትለፉት። የኤ36 አውራ ጎዳና ከጀርመን ድንበር አንስቶ በቀጥታ ወደ ቡርጎኟ ከተማ ወደ ቦን (የጀርመኗ አይደለችም) ያደርሳችኋል፤ ክፍያ ግን አለው። ከዲዦን እስከ ሳንትኔ ያለው የግራን ክሩ፣ ማለትም ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ማሳዎች፣ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ሳምንት ይተርፈዋል።

የቡርጎኝ ድንቅነት በአፈሩ ነው። በቀዩ በኩል የሚተከለው ወይን አንድ ዓይነት፣ ፒኖ ኗር ሆኖ ሳለ፣ በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ያሉ ማሳዎች ጣዕማቸውም ዋጋቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። እንዲህ በስም ተለይተው የታወቁት 1,247 ማሳዎች በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሲቶ መነኮሳት የተተከለው ክሎ ደ ቩዦ 50 ሔክታር ያህል ብቻ ቢሆንም ዛሬ 80 ያህል ባለቤቶች ተከፋፍለውታል፤ ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የማሳው ስም ተጽፎ ማየት ብቻውን ስለ ጥራቱ በቂ ዋስትና አይሆንም፤ የአምራቹን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። በቦን ከተማ በ1443 ለድሆች ሕሙማን የተመሠረተው ኦቴል ዲዩም ለሁላችሁም ይሆናል። ሆስፒታሉ ከምእመናን በስጦታ ባገኛቸው የወይን ማሳዎች ገቢ ይተዳደር ነበር፤ ዛሬም ወይኑ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በጨረታ ይሸጣል። እዚያ ቆሜ ሳስብ ለገዳም መሬት መስጠት የእኛ ብቻ ልማድ አለመሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

መልስ (ከብራስልስ)

ስለ መኪናው ጥቂት ልጨምር። ማደሪያ አልጋው አምስት ሰው ቢይዝም የደኅንነት ቀበቶ ያለው መቀመጫ አራት ብቻ የሆነባቸው መኪኖች ብዙ ናቸውና ከመፈረማችሁ በፊት ቁጠሩ። ቢ የተባለው የተራ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው እስከ 3.5 ቶን ነው፤ አምስት ሰው፣ ሻንጣና የተሞላ የውኃ ታንክ ሲደመር ትርፍ ክብደት ብዙ አይቀርም። ስድስት ጠርሙስ የያዘ አንድ ካርቶን ስምንት ኪሎ ያህል እንደሚመዝን አስቡና ግዢያችሁን ወደ መጨረሻው ቀን አድርጉት። በፈረንሳይ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የአልኮል መጠን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም፣ ለጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ 0.2 ግራም ነው። የማይጠጡት ጓደኞቻችሁ ለመንዳት ፈቃደኞች ከሆኑ ስማቸው በኪራይ ውሉ ላይ በአሽከርካሪነት እንዲጻፍ አድርጉ፤ ካልተጻፈ ኢንሹራንሱ ላይሸፍናቸው ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከተነጋገርን በኋላ በአልዛስ ጸንተናል፤ ቡርጎኝን ለብቻው ለሚቀጥለው ዓመት እናስባለን። መቀመጫውንም ስንጠይቅ በእርግጥ አራት ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ወደ ሌላ መኪና ቀይረናል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ጊዜው የወይን ለቀማ ወቅት መሆኑ ለጎብኚ ያስቸግር ይሆን?

መልስ (ከስትራስቡርግ)

በጥቂቱ ያስቸግራል፤ ግን ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ላይ ስለሚውል ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት ድረስም አብዛኛው ቤት ለምሳ ይዘጋል። በማሳዎቹ መካከል የሚያልፉ የእግር መንገዶች በአንዳንድ መንደሮች ለለቀማው ሲባል ለጊዜው ይዘጋሉ፤ ምልክቱን አክብሩ፤ ፍሬውንም ለቅምሻ እንኳ አትቅጠፉ። ትራክተር ከኋላችሁ ከመጣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ የተለቀመው ፍሬ በፀሐይ ሳይሞቅ ወደ መጭመቂያው መድረስ አለበት። በመንደር የሕዝብ ማቆሚያ ላይ ማደር ክልከላ ከሌለ ይቻላል፤ ወንበር፣ ጠረጴዛና ጥላ ወደ ውጭ ካወጣችሁ ግን እንደ ካምፕ ስለሚቆጠር ሊያስቀጣችሁ ይችላል። ለእራት ውጭ መቀመጥ ስትፈልጉ ባረፋችሁበት አምራች ግቢ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ይሁን።