ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ትእዛዝ ወደ ጥቁርና ነጭ ስለመለወጥ

በአንድ ፎልደር ያሉ 600 ያህል ባለቀለም የጄፔግ ፎቶዎችን ወደ ጥቁርና ነጭ ለመለወጥ በኢሜጅማጂክ (ፎቶን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያስተካክል ፕሮግራም) የ«ሞግሪፋይ» ትእዛዝ የተጠቀምኩ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ፋይሎች እንዳይጠፉ ውጤቱ ወደ ሌላ ፎልደር እንዲገባ አድርጌአለሁ። ሥራው ያለ እንከን ቢጠናቀቅም፣ ቀለማትን ወደ ግራጫ የሚለውጠው መደበኛ ቀመር ለአረንጓዴ 72፣ ለቀይ 21፣ ለሰማያዊ 7 በመቶ ገደማ ድርሻ ስለሚሰጥ፣ ቀይ ቀሚስና ከኋላው ያለው ጠቆር ያለ ቅጠል አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተዋሕደዋል። ንፅፅሩን ከፍ ማድረግም ጥላውን አጠቆረው እንጂ ሁለቱን አልለያቸውም። በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም የቀዩን ድርሻ ጨምሬ የአረንጓዴውን ስቀንስ ቀሚሱ በግልጽ ይወጣል፤ ይህን ያህል ፎቶ አንድ በአንድ እየከፈቱ ማስተካከል ግን የሚሞከር አይደለም። የሦስቱን ቀለማት ድርሻ ራሴ ወስኜ፣ ፎቶዎቹ የተነሡበት ቀን ሳይጠፋ፣ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መለወጥ የምችለው እንዴት ነው?