መሪውን ሳዞር መኪናዋ ትደነዝዛለች
ሰላም ለሁላችሁ። በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የምታህል መኪና አለችኝ። የድሮው የመሪ ሰርቮ (የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ጥርሱ ስለተበላ የብረት ጥርስ ያለው ጉልበተኛ ዲጂታል ሰርቮ ገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ ቆማ ሳለች መሪውን እስከ ጥግ ሳዞር የሬዲዮ መቀበያው መብራት ድርግም ይልና ለአፍታ ትደነዝዛለች። ጎማዎቹን ከመሬት ሳነሳቸው ግን ምንም አትሆንም! ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

የምጠረጥረው የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ነው። ለሰርቮው የሚሰጠው 6 ቮልት፣ 2 አምፔር ብቻ ሲሆን ሰርቮው ሲታነቅ (መዞር አቅቶት ሲገታ) ከ3 አምፔር በላይ ይስባል። ከባትሪው በቀጥታ እንዳልቀጥለው ባለ ሁለት ሴሉ ሊፖ ባትሪዬ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ የሰርቮው ጣሪያ 7.4 ነው። ለብቻው የቮልቴጅ መቀነሻ ልግጠምለት ወይስ መቀበያው ላይ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) መሰካት ይበቃል? መቀነሻ ከሆነስ ከመቆጣጠሪያው ወደ መቀበያው ኃይል የሚወስደውን ቀይ ሽቦ መንቀል አለብኝ?