የአባቴ ባቄላ የሚቢጨው በአቧራው ይሆን?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። አባቴ ባሶና ወራና ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ፣ ባቄላና ገብስ ያርሳል። ከማሳው ጥግ ጠጠር መፍጫ ከተተከለ ወዲህ ዝናቡ ሲያባራ ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ዘንድሮ መንገድ ዳር ያለው ባቄላ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ዩሪያ ማዳበሪያ ይጨምርበት? በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከታች መጀመሩ የናይትሮጅን እጥረት ይመስላል፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለለጋው ይሰጣል። ባቄላን ናይትሮጅን የሚመግቡት ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የእነሱ ቀለብ ደግሞ ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር ነው። አቧራ ብርሃን ሲከልል ስኳሩ ያንሳል፣ ባክቴሪያውም ይራባል። ከመኪና ጭስና ከፀሐይ የሚፈጠረው ኦዞን የሚባለው ጋዝም ቅጠሉን ጎድቶ እዚያው ያደርሳል። እባጩን ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው።

ሌላ መልስ፦ ዩሪያው ይቆይ። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሲበዛ ባክቴሪያው ሥራውን ይተዋል። ውሃ የተኛበት መሬትም እንዲህ ያቢጫል፣ ቦዩን እዩት።

ጠያቂ፦ አባቴ ነቅሎ አየ። መንገድ ዳር ያለው ግራጫ፣ ወደ ወንዙ ያለው ሮዝ ነው። ውሃም አልተኛም። መንገዱን ውሃ እንዲያርከፈክፉልን እሁድ ወደ መፍጫው ባለቤቶች ሽማግሌ እንልካለን።