በአሜሪካ ጡረታ ሐዋሳ መኖር ይቻላል? እዚያ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ስነዳ ኖሬ አሁን ወገቤ እምቢ ብሏል፣ በሚመጣው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ዜግነት ወስጃለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲዬ በወር ወደ 1,700 ዶላር ይሆናል ተብያለሁ። እዚህ በዚህ ገንዘብ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከተከራየሁ የሚተርፈኝ ለሽንኩርት ብቻ ነው። ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ሐይቁን ሳታነሳ አትውልም። እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሐዋሳን ለሰርግ ሄጄ ከማየት በቀር አላውቃትም። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ገነት ናት ይላል፣ ሌላው «እንዳትሸወዱ» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም የሚያወሩት ሆቴል ቁጭ ብለው ነው።

እዚያ የምትኖሩ ካላችሁ ንገሩኝ። ገንዘቡ ይበቃል? ብታመምስ? ቤት ልሥራ ወይስ ልከራይ? ፖለቲካውስ?

ሐይቅ ዳር ጡረተኛ፦

ወንድሜ፣ አንተ ልበልህና፣ እኔም የመጣሁት ከጎረቤትህ ከሜሪላንድ ነው። ሐዋሳ ከገባሁ ዓመታት ስላለፉ የምነግርህ የእረፍት ወሬ አይደለም።

ገንዘቡ ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጡረታህ እዚያው አሜሪካ ባንክህ ይግባ፣ ወደዚህ የወር ወጪህን ብቻ እየቀነስክ አምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ዘለለ፣ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ያለ ቤቱን ሸጦ ሁሉንም ወደ ብር ቀይሮ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ አሁን የምንዛሪ ወሬ ሲነሳ ቡናውን ሳይጨርስ ይሄዳል። አንተ ደግሞ ዶላሩ ጨመረልኝ ብለህ አትፈንጥዝ። ዘይቱም ጤፉም የቤት ኪራዩም አብረው ወጥተዋል።

ቀጥሎ ያለውን ትንሽ አስረዝመዋለሁ፣ ብዙ ሰው ሳያጣራው ይመጣልና። ሶሻል ሴኩሪቲና ኤስኤስአይ (ገቢ ለሌላቸው አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) አንድ አይደሉም። ሠርተህ ያገኘኸው ጡረታ፣ ዜጋ እስከሆንክ ድረስ፣ እዚህም ብትኖር ይከፈልሃል። ኤስኤስአይ ግን ከአሜሪካ ወጥተህ 30 ቀን በተከታታይ ከቆየህ ይቆማል። ልጆቻቸው ያስመጧቸው አዛውንቶች የሚያገኙት ብዙ ጊዜ እሱን ነው፣ «ለፋሲካ ሄደን ከርመን እንምጣ» ብለው ሲመለሱ ተቋርጦ ይጠብቃቸዋል። አንተ ግን መውጣትህን ለሶሻል ሴኩሪቲ አሳውቅ። በሕይወት መኖርህን የሚጠይቅ ፎርም በየጊዜው ይልካሉ፣ ካልመለስክ ክፍያው ይታገዳል። ስለዚህ እዚህ ፖስታ ሣጥን ይኑርህ።

የአሜሪካ ስልክ ቁጥርህንም እንዳትጥል! ባንክህ ኮድ የሚልከው በዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ዘግተህ ከመጣህ ገንዘብህ ባንክ ተቀምጦ አንተ ከዘመድ ትበደራለህ።

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን፣ እዚህ አይሠራም። ፓርት ቢ የሚባለው የሐኪም ክፍያ የሚሸፍነው ክፍሉ በፈረንጅ 2025 በወር 185 ዶላር ነበር። ካቋረጥከው በኋላ ልመለስበት ብትል፣ ላልከፈልክበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመርብሃል፣ ጭማሪው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። እኔ እከፍላለሁ። ባለቤቴ «ለማንጠቀምበት ነገር» እያለች በየወሩ ትነጫነጫለች። እዚህ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ፣ የግል ሆስፒታሎችም አሉ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ደህና ናቸው። ከበድ ካለ አዲስ አበባ ነው። ከዚያም ከከበደ አውሮፕላን ተሳፍረህ ፓርት ቢህ ጋ ትሄዳለህ። የመድኃኒትህን ስም በደንብ አስጽፈህ፣ ለጥቂት ወራት የሚሆን ይዘህ ና። ወባ አለ፣ አጎበር ግዴታ ነው።

ኑሮው? ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በእግር፣ ከዚያ ጀበና ቡና። ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ወርደህ ቆሮሶ ዓሣውን ከጀልባው ሲወጣ ታየዋለህ። የቻለ ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ እኔ ጥብሱን ነው የምወደው። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ትከሻህ ሥር ቆሞ አንጀቱን ይጠብቃል። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይጠፋል፣ ሮቶ ያለው ግቢ ፈልግ። መኪና ጭኜ ልምጣ እንዳትል፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ባጃጅ ይበቃሃል።

ቤት አትሥራ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካወጣህ ያለ ቪዛ ትኖራለህ፣ ንብረትም ታፈራለህ፣ ሕጉ ይፈቅድልሃል። ግን በዚህ ዕድሜ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እየተከታተሉ እንቅልፍ ማጣት ለምን? ተከራይ። ጎረቤቱ ካልተስማማህ ዕቃህን ጭነህ ሌላ ሰፈር ትገባለህ።

ከዶላርም ከመብራትም የሚከብደው ዘመድ ነው። የባለቤትህ ወገን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። አንዱ ልጁ ኮሌጅ ነው፣ አንዱ ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ አንዷ ልትዳር ነው። በወር የምትሰጠውን ገና ሳትመጣ ከባለቤትህ ጋር ቁረጥ፣ ከዚያ በላይ «የለኝም» በል፣ ሳታፍር። ዕድር ግን ወዲያው ግባ። ዕድር ያልገባ ሰው እዚህ ሁልጊዜ እንግዳ ነው።

ታቦር ሥር፦

ጋሼ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፣ ግን «ገንዘቡ ይበቃል» ያሉት ለእናንተ ነው። እኔ መምህርት ነኝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል፣ ጭማሪው ተጨምሮ ማለት ነው። የወንድማችንን 1,700 ዶላር በብር አባዝተው ይዩት። አልቀናሁም፣ ሠርተው ያገኙት ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዲያስፖራ መጣ ሲባል ደላላው ዋጋ ይሰቅላል፣ ዲያስፖራው ሳይከራከር «ርካሽ ነው» ብሎ ይከፍላል፣ በሳምንቱ የኔ አከራይ መጥታ «እታች ሰፈር እኮ በዚህ አከራዩ» ትለኛለች። የግቢያችን ሁለት ቤተሰብ በዚሁ ምክንያት ወደ ቱላ መንገድ ወጥቷል።

ስለዚህ አባባ ሾፌር፣ ሲመጡ ቤት የሚያፈላልገው የባለቤትዎ ወንድም ይሁን፣ እርስዎ ዋጋ እስኪቆረጥ አይታዩ። ለእርስዎም ለኛም ይጠቅማል።

ሐይቅ ዳር ጡረተኛ፦

እታለም፣ ተከራከር ማለትሽ ልክ ነው። ኪራዩን ያስወደደው ዲያስፖራ ነው ማለትሽ ግን አይዋጥልኝም። እዚህ ሰፈር የምንኖረው ከአሜሪካ የመጣን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነን። ከተማው በየዓመቱ ሰው ይጨመርበታል፣ ቤት የሚሠራው ጥቂት ነው፣ አከራይሽ ሰበብ ስትፈልግ እኛን አገኘች።

ታቦር ሥር፦

በጣት የምትቆጠሩ ብትሆኑም ደላላው የሚያወራው ስለ እናንተ ብቻ ነው ጋሼ 🙂

አዳማ ነኝ፦

ለምን አዳማን አታስብም? በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ ሐኪም ቤትህም ኤርፖርትህም ቅርብ ነው። ሙቀቱና ንፋሱ እንዳለ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ለታመመ ሰው ከሐይቅ ይልቅ ሐኪም ይሻላል።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር፦

አዳማ ብዬ ለባለቤቴ ባነሳ ትዳሬ ይፈርሳል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የኤስኤስአዩን ነገር ለአክስቴ ዛሬውኑ እደውላለሁ። የፖለቲካውን ግን ዘለላችሁት። እዚህ ቡና ቤት ውስጥ ሰዎች በሱ ተኳርፈው አይነጋገሩም። እዚያስ እንዴት ነው?

ሐይቅ ዳር ጡረተኛ፦

አልዘለልኩትም፣ ቡናዬን ልጠጣ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ይሄን እወቅ፦ ሕጉ ፊት አንተ የውጭ ዜጋ ነህ። አዋጅ 270/1994 ብዙ መብት ይሰጥሃል፣ መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥህም፣ መከላከያና ውጭ ጉዳይ መሥራትም አትችልም (በኛ ዕድሜ እሱ አያሳስብም)። ስለዚህ እዚህ አስተያየት እንጂ ድምፅ የለህም። ድምፅህ ያለው ቨርጂኒያ ነው፣ ከዚህ ሆነህ ትመርጣለህ። እኔ በየምርጫው እሞላለሁ፣ ምክንያቱም ዋሽንግተን የሚወሰነው እዚህ ድረስ ይደርሳል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ልጆች ከተማውን ሞልተውት ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ስታስወጣ፣ ከፈረንጅ 2022 መግቢያ ጀምሮ ማለት ነው፣ ሥራ አጥተው ወደየቤታቸው የተመለሱ ብዙ ናቸው፣ ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ቀድሞ ለቆ ነበር። ያኔ እዚያ ያላችሁት «ማዕቀብ ይጣል»፣ «አይጣል» እያላችሁ ሰልፍ ትወጡ ነበር። ዕዳው ያረፈው በልጆቹ ላይ ነው። አሁንም ያው ነው፣ ከፈረንጅ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ቀረጥ አለ። ከባንክ ሒሳብህ ወይም በዴቢት ካርድ ላክ፣ አይነካህም።

የዚህን ከተማ ፖለቲካ በተመለከተ ጆሮህን ከፍተህ ና። ሐዋሳ የደቡብ ክልል፣ የ56 ብሔረሰቦች ዋና ከተማ ነበረች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ለሲዳማ ሰው የብዙ ዘመን ጥያቄ የተመለሰበት ቀን ነው። ለክልሉ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ጎረቤቴ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ቤቱን ዘጋ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ብቻ ይዘህ ቡና ላይ አትከራከር። አማርኛ በየቦታው ያግባባሃል፣ ግን ሰላምታውን በሲዳምኛ ብትለምድ ሰው ፊቱ ይፈታል። ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስም ጉዱማሌ ወርደህ አክብር፣ እንደ ቱሪስት ካሜራ ደቅነህ አትቁም።

ከተማው ውስጥ ማታም እወጣለሁ። ርቀህ በመኪና ስትሄድ ግን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀህ ውጣ፣ እኔ አዲስ አበባ የምሄደው በአውሮፕላን ነው።

እዚህ ሰው ስለ ፖለቲካ የሚያወራው እንደናንተ አይደለም። የሚያወራው ስለ ዘይት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ሥራ ስላጣ ልጁ ነው። ከዚያ ወደ አንተ ዞሮ «ትራምፕ ምን አለ?» ይልሃል።

የአሌክሳንድሪያው ሾፌር፦

ገባኝ። እንግዲህ ቤቱን እዚህ አልለቅም፣ መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ወር ተከራይተን እንሞክረዋለን። ክረምት ላይ ብንመጣ ይሻላል ወይስ ጥቅምት?

ታቦር ሥር፦

ክረምት ይምጡ። ጥቅምት ማንም ይወደዋል። ሐምሌ ላይ ጭቃውን፣ ትንኙንና የመብራቱን ጠባይ አይተው «እኖራለሁ» ካሉ ያኔ ይፈርሙ። የባለቤትዎ ወንድም ከሰኔ መጨረሻ በፊት ቤት ይፈልግ፣ ተማሪ ለእረፍት ሲወጣ የሚለቀቅ ቤት ይገኛል፣ ዋጋውም ይወርዳል።