ሜሪላንድ ውስጥ ኑዛዜና የውርስ ሰነዶችን በጠበቃ ለማሠራት ተገቢው ዋጋ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች አባት

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሁለት ልጆች፣ በሁለታችን ስም የተገዛና ሞርጌጁ ገና ያላለቀ ቤት፣ እያንዳንዳችን በሥራ ቦታችን የምናጠራቅመው 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ)፣ እንዲሁም የሕይወት ኢንሹራንስ አለን። ከዚህ ሌላ አዲስ አበባ በስሜ ያለ አንድ ኮንዶሚኒየም ሲኖር፣ ኪራዩን የሚሰበስበው በኤምባሲ በኩል በላክሁለት ውክልና ወንድሜ ነው።

ሦስት ጠበቆችን አነጋግረናል። የመጀመሪያው ለሁለታችን ኑዛዜ፣ ውክልናና የሕክምና ውሳኔ ሰነድ በ1,400 ዶላር ቁርጥ ዋጋ እንደሚሠራ ነገረን። ሁለተኛው ትረስት (ንብረትን ለወራሾች ጥቅም ባለአደራ እንዲያስተዳድረው የሚደረግበት ሕጋዊ አደራ) ካላቋቋማችሁ ልጆቻችሁ በፍርድ ቤት ይጉላላሉ ብሎ 4,800 ዶላር ጠየቀ። ሦስተኛው በሰዓት 375 ዶላር እንደሚያስከፍል ተናግሮ ጠቅላላውን ለመገመት ፈቃደኛ አልሆነም። ይህን ያህል ልዩነት ከምን መጣ? ርካሹን ብንመርጥስ የሚጎድለን ነገር ይኖራል?

መልስ 1፦ የቢሮ ሰው

ውድ ጠያቂ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሆኖም በዚሁ አካባቢ በአንድ የጠበቃ ቢሮ ሰነድ በማዘጋጀት ስለምሠራ፣ የሚከፈለው ገንዘብ የት እንደሚውል በቅርብ አያለሁ። የነገሩዎት ሦስት ዋጋዎች የአንድ ዕቃ ሦስት ዋጋዎች ስላልሆኑ እርስ በርሳቸው አይወዳደሩም። የመጀመሪያው ስድስት ሰነድ ነው፤ ለእርስዎ ሦስት፣ ለባለቤትዎ ሦስት። ሁለተኛው በዚያ ላይ ትረስቱንና፣ በውስጡ ካለ፣ የቤቱን ዲድ፣ ማለትም የባለቤትነት ሰነዱን፣ ወደ ትረስቱ የማዛወሩን ሥራ ይጨምራል። «በውስጡ ካለ» ያልሁት ብዙ ጊዜ ስለሌለ ነው፤ ዲዱን አዘጋጅቶ ማስመዝገቡ ለብቻው የሚከፈልበት ቢሮ አለ፣ ደንበኛውም ይህን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

የሰነዱ ጽሑፍ ራሱ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ አብዛኛው በቢሮው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ጊዜ የሚወስደው ንግግሩ ነው። ለልጆቹ ሞግዚት የሚሆነው ማን እንደሆነ ባልና ሚስት ሳይስማሙ ከመጡ፣ ጠበቃው ፊት የሚካሄደው ክርክር በሰዓት ለሚያስከፍል ሰው ጥሩ ገቢ ነው። ስለዚህ ሞግዚቱን፣ ተጠባባቂ ሞግዚቱን፣ ውርስ አጣሪውንና ገንዘቡን የሚጠብቀውን ሰው ቤታችሁ ወስናችሁ፣ የሒሳቦቻችሁንም ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛውን ጠበቃ ጨርሶ አልንቀውም፤ የተወሳሰበ ንብረት ወይም የቀድሞ ትዳር ልጆች ላሉት ሰው በሰዓት መክፈል አግባብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለእንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ከዚህ በላይ አይሄድም የሚል ጣሪያ መስጠት የማይፈልግ ጠበቃ አያስፈልጋችሁም።

ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁና የፊርማው ሥነ ሥርዓት በዋጋው ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የሜሪላንድ ኑዛዜ ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ግድ ነው፤ ኖታሪ ግን አያስፈልገውም። በቢሮው ውስጥ ሲሆን ሠራተኞች ምስክር ይሆናሉ፣ እናንተ በየገጹ ግርጌ የስማችሁን መነሻ ፊደል ታኖራላችሁ፣ ዋናው በስቴፕለር ይያያዛል። ያ ስቴፕል ኮፒ ለማድረግ እንኳን እንዳይነቀል፤ የተነቀለ ስቴፕል ገጽ ተቀይሯል የሚል ጥርጣሬ ይጋብዛል። ዋናውን በካውንቲው የኑዛዜ መዝገብ ቤት፣ ማለትም በሬጅስተር ኦቭ ዊልስ፣ በ5 ዶላር ማስቀመጥ ይቻላል።

መልስ 2፦ ከሮክቪል

በዚህ ላይ የምጨምረው ትረስቱን በሚመለከት ነው፤ በኔ አስተያየት ሁለተኛው ጠበቃ የሸጠላችሁ በአብዛኛው ፍርሃት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ቤት በአብዛኛው አንዱ ሲሞት ያለ ፍርድ ቤት ለሌላው ይተላለፋል። 401ኬውና ኢንሹራንሱ ደግሞ ኑዛዜውን ሳይጠብቁ በቅጹ ላይ ለተመዘገበው ተጠቃሚ ይከፈላሉ። እንግዲህ ፕሮቤት፣ ማለትም ውርሱ በፍርድ ቤት በኩል የሚጣራበት ሂደት፣ የሚመጣው በአመዛኙ ሁለታችሁም ካለፋችሁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜስ ወጪው ምን ይሆናል? በሜሪላንድ ሕግ ለውርስ አጣሪ የሚከፈለው ኮሚሽን ከመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ ከ9 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ከ3.6 በመቶ መብለጥ የለበትም። የ500,000 ዶላር ውርስ ቢሆን ጣሪያው 19,080 ዶላር መሆኑ ነው። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፣ ትረስት ሻጮችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ግን ጣሪያ እንጂ ተመን አይደለም፣ ለወንድሙ ልጆች ሲል ውርሱን የሚያጣራ ዘመድም ኮሚሽኑን ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ስለ ግብር የሚያስፈራራችሁ ካለም፣ የሜሪላንድ የውርስ ሀብት ግብር የሚጀምረው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። 10 በመቶ የሚከፈልበት ሌላው ግብር ልጆችን፣ ወላጆችንና ወንድም እህቶችን አይነካም። የእህት ወይም የወንድም ልጅን ግን ይነካል፤ የእህቱን ልጅ እንደ ልጁ ያሳደገ በኛ ማኅበረሰብ ብዙ ስለሆነ ይህን ልብ ማለት ይበጃል።

እናንተን በርግጥ የሚያሳስባችሁ ልጆቹ ትንንሽ መሆናቸው ነው። በኢንሹራንሱ ቅጽ ላይ ከባለቤትዎ ቀጥሎ የልጆቹ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድር ሰው በፍርድ ቤት መሾም ሊያስፈልግ ይችላል፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ሙሉውን ተረክቦ ይሄዳል። መፍትሔው፣ ሁለተኛው ጠበቃ ካቀረበው ትረስት የተለየ፣ በኑዛዜው ውስጥ ለልጆቹ የሚቋቋም ትረስት እንዲኖር አድርጎ፣ የኢንሹራንሱን ቅጽ ከዚያ ጋር ማስማማት ነው። የ1,400 ዶላሩን ጠበቃ «ይህ በዋጋው ውስጥ ነው ወይ? ቅጾቹንስ ያዩልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ፣ እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ።

መልስ 3፦ ኗሪነቷ አሌክሳንድሪያ

ከላይ ከጻፉት ጋር በከፊል አልስማማም። ትረስት ለሁሉም አያስፈልግም ማለት ለማንም አይረባም ማለት አይደለም። ሜሪላንድ እየኖረ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያከራየው ቤት ያለው ሰው በሁለቱም ግዛት ፕሮቤት ሊከፈትበት ስለሚችል፣ የትረስቱ ዋጋ ራሱን ይመልሳል። በቨርጂኒያና በዲሲ ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ በቀጥታ ለወራሹ እንዲያልፍ የሚያደርግ ዲድ በአነስተኛ ወጪ ማስመዝገብም ይቻላል፤ ጠበቃው ይህን ሳያነሣ ትረስት ብቻ የሚያቀርብ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ደግሞም ትረስት አሠርቶ ቤቱንና የባንክ ሒሳቡን ወደ ትረስቱ ያላዛወረ ሰው ከፍሎ ባዶ ወረቀት እንደያዘ ይቆጠራል፤ በቅርብ ዘመዶቼ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

መልስ 4፦ የአዲስ አበባው

እስካሁን ኮንዶሚኒየሙን ያነሣ የለም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሰጋው እሱ ነው። በመጀመሪያ፣ ለወንድምዎ የሰጡት ውክልና እርስዎ በሞቱ ዕለት ያበቃል። «ወንድሜ ውክልና አለው» ብሎ የሚዘናጋ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ በስምዎ ቢሆንም በትዳር ዘመን የተፈራ ከሆነ በቤተሰብ ሕጉ የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ ሊናዘዙበት የሚችሉት የራስዎን ድርሻ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ቤት ራሱን የቻለ ኑዛዜ እዚያው ባለ ጠበቃ ቢያሠሩ ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ይጠይቃል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። እንግዲህ በሁለት ምስክሮች ብቻ የተፈረመ የሜሪላንድ ኑዛዜ ይዞ አዲስ አበባ መቅረብ ለክርክር በር መክፈት ነው። ባልና ሚስትም በአንድ ሰነድ በጋራ ሊናዘዙ አይችሉም፤ እንዲህ ያለው ኑዛዜ ፈራሽ ነው። የጠበቃው ክፍያ በስምምነት ስለሆነ፣ ጽሑፉንና ማስመዝገቡን ለይቶ እንዲነግርዎ ያድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የአሜሪካ ኑዛዜዎች ሲጀምሩ «ከዚህ በፊት የተደረጉትን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» የሚል ቃል የመያዝ ልማድ አላቸው። ያ ቃል የአዲስ አበባውን ኑዛዜም ሊሽርብዎ ይችላል። ስለዚህ ለሜሪላንዱ ጠበቃ ኮንዶሚኒየሙን ደብቀው አይሂዱ፤ ሽረቱ በኢትዮጵያ ያለውን ንብረት የሚመለከተውን ኑዛዜ እንደማይነካ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ጠበቃ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያው ጠበቃ በኑዛዜው ውስጥ ስለሚቋቋመው ትረስት፣ ስለ ተጠቃሚ ቅጾቹና ስለ ሽረቱ ቃል ጽፌለታለሁ። በባለቤቴ መሥሪያ ቤት ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል የሕግ አገልግሎት ዕቅድ እንዳለ ዛሬ ሰማን። ይህ ነገር ይረዳ ይሆን?

መልስ 1፦ የቢሮ ሰው

ብዙዎቹ ዕቅዶች ኑዛዜና ውክልናን ይሸፍናሉ፤ ምዝገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዓመቱ የጥቅማ ጥቅም መምረጫ ወቅት ብቻ ክፍት ነው። በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ጠበቆች ውርስ ላይ የሚሠሩ መሆናቸውን ይጠይቁ፤ እናንተ ያነጋገራችሁት ጠበቃ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደግሞ ምንም ሳትከፍሉ ወይም ትንሽ ጨምራችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። የመምረጫው ወቅት ሩቅ ከሆነ ግን፣ ጥቂት መቶ ዶላር ለማዳን ብላችሁ ልጆቹን ያለ ተሰየመ ሞግዚት ባታቆዩ እመክራለሁ።