በፖለቲካ እንግሊዝኛ «ዊፕ» ጅራፍ ነው፣ ሰው ነው ወይስ ወረቀት?

ተርጓሚው
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ብሪታንያ ፓርላማ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ «ዊፕ» ላይ ተይዣለሁ። መዝገበ ቃላቱ «ጅራፍ፣ አለንጋ» ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ግን «ቺፍ ዊፕ» ሰው ነው፣ «ስሪ ላይን ዊፕ» የሚላክ ነገር ነው፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንዲት የምክር ቤት አባል ዊፕ ተነጠቀች ይላል። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ቃል አለን? የእኛ ጋዜጦች «የመንግሥት ዋና ተጠሪ» የሚሉትስ ይኸው ነው?

ሰዋስው
አንድ ቃል አይበቃህም፤ መነሻውን ካወቅህ ግን ሦስቱም ይፈቱልሃል።

ቃሉ የመጣው ከእንግሊዞች የቀበሮ አደን ነው። ዋናውን አዳኝ የሚረዳ «ዊፐር ኢን» የሚባል ሰው አለ፤ ሥራው ያፈነገጡ ውሾችን ወደ መንጋው መመለስ ነው። ጅራፉን የሚይዘው በአብዛኛው ለማጮህ ነው፣ የቡሄ ልጆች እንደሚያጮኹት። ፓርላማ ውስጥ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ኋላ አጥሮ «ዊፕ» ሆነ። ስለዚህ ጽሑፍህ ውስጥ «ጅራፍ» ወይም «ገራፊ» ብለህ አትጻፍ። የእኛ አንባቢ «ገራፊ» ሲል እስር ቤት ነው የሚታየው፤ የቃሉ ፍሬ ነገር ግን ማሰባሰብ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ አባላቱን ለድምፅ የሚያሰባስበው የፓርቲው ሰው፣ ማለትም ተጠሪው፣ በየሳምንቱ ለፓርቲው አባላት የሥራ ዝርዝር ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ጉዳይ ሥር መስመር ይሰመራል። አንድ መስመር ከሆነ መምጣቱ ይመረጣል ማለት ነው። ሁለት ከሆነ ያለ ፈቃድ መቅረት አይቻልም፤ ፈቃድ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ከተቃራኒው ወገን አብሮ የሚቀር ሰው ሲገኝ ነው፣ ድምፃቸው እንዲጣፋ። ሦስት መስመር ካለበት ግን መገኘትም በታዘዙት መሠረት ድምፅ መስጠትም ግዴታ ነው። «ሦስት መስመር የተሰመረበት ጥሪ» ብለህ በመጀመሪያው ቦታ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራራው።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው «ዊፕ ተነጠቀች» ላይ ነው። ብዙዎች «ከፓርላማ ተባረረች» ብለው ይተረጉሙታል፤ ፈጽሞ ስህተት ነው። ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ታገደች ማለት ነው። የመረጣት ሕዝብ ስለሆነ ወንበሯ አይነካም፤ እንደ ግል አባል ትቀመጣለች። መስከረም 3 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ከመንግሥታቸው በተቃራኒ ድምፅ የሰጡ 21 የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባላት ዊፕ ተነጥቀው ነበር፤ ጥቅምት 29 ቀን ለ10ሩ ተመለሰላቸው። በ2024 ደግሞ 7 የሌበር (የሠራተኛ ፓርቲ) አባላት ለስድስት ወር ታግደዋል።

የምክር ቤት ታዛቢ
«የመንግሥት ዋና ተጠሪ» ለእኛው ሹመት ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛም «ቺፍ ገቨርንመንት ዊፕ» ይባላል። ለብሪታንያ ስትጠቀምበት ግን ተጠንቀቅ፤ ተቃዋሚውም የራሱ ቺፍ ዊፕ አለው። «የተቃዋሚው የመንግሥት ተጠሪ» ብለህ ልትጽፍ ነው? «የፓርቲው የምክር ቤት ተጠሪ» ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለንደን ውስጥ የመንግሥቱ ቺፍ ዊፕ ይፋዊ መጠሪያ ሲመለስ «የግምጃ ቤት የፓርላማ ጸሐፊ» ይሆናል። ሰነድ ላይ ይህን ስታይ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው እንዳታደርገው።

ድምፅ ቆጠራው ቀልድ አይደለም። መጋቢት 28 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ.) የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የካላሃን መንግሥት 311 ለ310 በሆነ ድምፅ ወደቀ፤ አንድ የሌበር አባል በጠና ታሞ ሊመጣ አልቻለም ነበር።

ዋሽንግተን ተርጓሚ
አሜሪካ ላይ ትርጉሙ ይለያል። የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች የመጀመሪያውን ዊፕ የሾሙት በ1897 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሥራው ከማዘዝ ይልቅ ማን ይደግፋል፣ ማን ያመነታል ብሎ አስቀድሞ መቁጠርና ማግባባት ነው፤ «ዊፕ ካውንት» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ግሡን «ድምፅ ማሰባሰብ» በለው።

ሕንድን የሚነካ ጽሑፍ ካጋጠመህ ደግሞ ሌላ ነው። በ1985 ሕገ መንግሥታቸው ላይ በተጨመረው ድንጋጌ የፓርቲውን ዊፕ የጣሰ አባል፣ ፓርቲው በ15 ቀን ውስጥ ይቅር ካላለው፣ ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። እዚያ «ጥሪ» ይላላብሃል፤ «ትእዛዝ» በለው።

ሰዋስው
ጥሩ አድርገህ አነሳኸው። «ፍሪ ቮት»፣ ማለትም ፓርቲው ሳያዝዝ አባላት እንደየራሳቸው የሚሰጡት ድምፅ፣ ሲያጋጥምም «ነጻ ድምፅ» ከማለት «የኅሊና ድምፅ» ይሻላል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 አባላት ለኅሊናቸው ተገዢ ናቸው ስለሚል ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ተርጓሚው
አመሰግናለሁ። እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የፓርቲው የምክር ቤት ተጠሪ ሦስት መስመር የተሰመረበት ጥሪ ላከ፤ ተቃራኒ ድምፅ የሰጠችው አባል ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ታገደች።»

ሰዋስው
ልክ ነው። መጨረሻው ላይ «ወንበሯን ግን አላጣችም» ጨምርበት፤ እንግሊዛዊው አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል፣ የእኛው ግን አያውቀውም።